ሩጫውንም ካልኩለሱንም ተዉለት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠብ ይዤ ነው የመጣሁት። ጠቡም ከሩቅ ሰው ጋር አይደለም፤ ሀይስኩል የሚማር ልጅ ካላችሁ ከእናንተው ጋር ነው። አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ስደቡኝ፣ ችግር የለም። ሳታነቡ የምትሳደቡት ግን እንደ ሁልጊዜው መልስ አትጠብቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌይተርስበርግም ሆነ ጀርመንታውን፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ በእኛ በሐበሾች መካከል አንድ ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ መሆኑ የታወቀ ቀን መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር የሚወደውን ስፖርት መነጠቅ ነው። ኳሱ ይቀራል፣ ሩጫው ይቀራል፣ መዋኘቱ ይቀራል። ለምን ሲባል «ትምህርቱ ላይ እንዲያተኩር» ነው መልሱ።

በቅርቡ አንድ ወንድማችን ቡና ላይ ይህንኑ በኩራት ነገረን። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ኤፒ ካልኩለስ ቢሲ ስለሚወስድ ከትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን አስወጣሁት አለ። «አበጀህ!» ተባለ። «ሯጭማ ሀገር ቤት ሞልቶናል» ያለም ነበር። እኔ እዚያው ተከራክሬያለሁ። ነገር ግን ቡና ላይ አምስት ሰው በአንዴ ስለሚያወራ ክርክሬ ከስኒው በላይ አልወጣም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ለማታውቁት ላስረዳ። ካልኩለስ ቢሲ ማለት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው ካልኩለስ ሀይስኩል ውስጥ ሲሰጥ ነው። ፈተናው ከ1 እስከ 5 ይታረማል። ጥሩ ያመጣ ልጅ እንደሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ያገኝበታል፤ ክሬዲት ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የአባትየው ስሌት ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ፍርሃቱም ይገባኛል። እኛ ያደግንበት ሀገር በሩ ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዓመት በፊት በ2014 ደግሞ 3.3 በመቶ። ከ100 ልጅ ሦስቱ ማለት ነው! ከእንዲህ ያለ በር ሾልኮ የወጣ ሰው ልጁን «ሌላውን ሁሉ ትተህ አጥና» ቢለው አይፈረድበትም።

ግን ወንድሜ፣ አሁን ያለነው ሜሪላንድ ነው። ልጅህ ካልኩለስ ላይ 3 ቢያመጣ እንኳ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሩን ዘግቶ አይጠብቀውም። ጀርመንታውን አለ፣ ሮክቪል አለ፣ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ አለ። እዚያ ካልኩለሱን ደግሞ ወስዶ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላል። የሀገር ቤቱን በር እዚህ ተክለህ ልጅህን በጠባቡ አታሹልከው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። አባትየው ሥራ ላይ ስለነበረ አንድ ቀን ልጁን ከሮክቪል ወደ ቤት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። መሐንዲስ እንደነበርኩ ሰምቷል መሰለኝ መኪና ውስጥ ጥያቄ ጠየቀኝ። በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ እያደረገ እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ 6 ማይል በ48 ደቂቃ ሮጥኩ። በአማካይ ማይሉ 8 ደቂቃ ነው። ግን አንዳንዱን ቦታ በፍጥነት፣ ዳገቱን ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የሮጥኩት። ከመንገዱ መሐል ልክ በ8 ደቂቃ የተሮጠ፣ ያልተቆራረጠ አንድ ማይል የግድ ይኖራል?»

እስቲ እናንተም አስቡት። ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

መልሱ አዎ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያምራል። መንገዱን ስድስት ማይል አድርገህ ቁረጠው። ስድስቱም ከ8 ደቂቃ በላይ ከፈጁ ድምሩ ከ48 ይበልጣል። ስድስቱም ከ8 በታች ከሆኑ ድምሩ ከ48 ያንሳል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ማይል 8 ወይም ከዚያ በላይ፣ አንዱ ደግሞ 8 ወይም ከዚያ በታች ነው። አሁን የአንድ ማይል ርዝመት ያለው መስኮት ያዝና ከዘገምተኛው ማይል ወደ ፈጣኑ ቀስ እያደረግህ አንሸራትተው። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ደቂቃ ሳይዘል ቀስ በቀስ ይቀየራል። ከ8 በላይ ተነስቶ ከ8 በታች ለመድረስ በ8 ላይ ማለፍ ግዴታው ነው። አለቀ።

ልጁ ይህንን ራሱ ደርሶበት ነበር። እኔን የጠየቀኝ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። «5 ማይል ተኩል በ44 ደቂቃ ብሮጥስ? አማካዩ ያው 8 ነው። አሁንም የግድ ይኖራል?»

እዚህ ጋ ነው ጉዱ። አይኖርም! ማለቴ የግድ አይደለም። ግማሽ ማይሉን በ4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ የሚቀጥለውን ግማሽ በ3 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ እያፈራረቅህ ሩጥ። በዝግታው ጀምረህ በዝግታው ጨርስ። ስድስት ዝግተኛ ግማሽ 27 ደቂቃ፣ አምስት ፈጣን ግማሽ 17 ደቂቃ፣ ድምር 44። አማካዩ ልክ 8 ነው። ግን ከየትኛውም ቦታ ተነስተህ አንድ ማይል ብትለካ ሁሌም ግማሹ ዝግተኛ፣ ግማሹ ፈጣን ስለሆነ 7 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ይመጣልሃል። 8 የሚባል ማይል በመንገዱ ሙሉ የለም። እርሳስ ይዛችሁ ሞክሩት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖል ሌቪ በ1934 ያረጋገጠው ነገር ነው፦ ርቀቱ ሙሉ ቁጥር ከሆነ የግድ ይኖራል፣ ካልሆነ ዋስትና የለም።

እንግዲህ ንገሩኝ። ይህ ጥያቄ ከየት መጣ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትከፍሉለት ቱቶሪንግ? ከወርክሺቱ? ልጁ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮት፣ ሰዓቱን እያየ፣ በገዛ እግሩ ያመጣው ጥያቄ ነው። አባትየው «ሒሳቡን ይረብሽበታል» ብሎ የቆረጠው ሩጫ ለልጁ ሒሳብ የሚያመርትበት እርሻው ነበር።

«እሱ ለየት ያለ ልጅ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ተራው ልጅ እንምጣ። «ጊዜ የለውም» የምትለዋን ደግሞ በቁጥር እንያት።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ያወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። መሐሉን 9 እንውሰድ፤ በሳምንት 63። ትምህርት ቤት 35 እንበል። የሩጫ ቡድን ልምምድ በቀን 2 ሰዓት፣ አምስት ቀን፣ 10። የቤት ሥራና ጥናት በቀን 3 ሰዓት፣ እሁድንም ጨምሮ 21። ደምሩት፤ 129 ነው። 39 ሰዓት ተረፈ! በቀን ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሂዱበት፣ መስጊድ ሂዱበት፣ ሠርግ ሂዱበት፣ ያልቅ አይመስለኝም።

ታዲያ ጊዜው የት ይገባል? ስልኩ ውስጥ። ከሩጫ የተረፈው 10 ሰዓት ወደ ካልኩለስ አይሄድም። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ «እያጠና ነው» በሚባልበት ሰዓት ግማሹን ቲክቶክ ይበላዋል። ከዚያ የቤት ሥራው ወደ ሌሊት ይገፋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሀይስኩል ጠዋት 7:45 ይጀምራል። ሌሊት 1 ሰዓት ተኝቶ 6 ሰዓት የሚነሳ ልጅ 5 ሰዓት ተኛ፤ ከዝቅተኛው ምክር እንኳ በሌሊት 3፣ በአምስት የትምህርት ቀን 15 ሰዓት ዕዳ አለበት። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ኢንተግራል ቀርቶ የስልኩን ቻርጀር የት እንዳስቀመጠ አያስታውስም። እኔ የሌሊት ሹፌር ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ምስክር አያስፈልገኝም።

«እኛ መቼ ስፖርት ሠርተን ተማርን?» የሚለው ደግሞ የበለጠ ያስቀኛል። አንተ እኮ ትምህርት ቤት በእግርህ ነው የሄድከው! ውኃ ቀድተሃል፣ ከብት ጠብቀሃል፣ በጨርቅ ኳስ ተጫውተሃል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ አካባቢ ካለው ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። ግራ እጁን ጠጋ አድርጎ የሚሮጠው ያኔ ደብተሩን ይዞ ስለሚሮጥ ነው ይባላል። ደብተርና ሩጫ በአንድ ሰው እጅና እግር ላይ አብረው ሲሄዱ ያየ ሕዝብ ነው አሁን ልጁን «ከሁለት አንዱን ምረጥ» የሚለው።

እኛ አምስት ኪሎ እያለን አፕላይድ ማትስ የሚባለውን ጉድ እንዴት አለፍነው? በቡድን ነው። አንዱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ሌላው «ውሸት ነው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተሳስተሃል» ይላል፣ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይደራል። ሲነጋ ደግሞ ወደ ጃን ሜዳ የሚወርድ ወርዶ ይሮጣል፣ ኳስ የሚጫወት ይጫወታል። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍም ቆመህ ነው፣ ካፌ ስትሄድም በእግርህ ነው። እንቅስቃሴው በነጻ የሚመጣ ስለነበረ ስሙን «ስፖርት» አላልነውም። እዚህ ግን ቢጫው አውቶቡስ ይወስደዋል፣ ያንተ መኪና ይመልሰዋል፣ ሊፍት ያወጣዋል። ያ በነጻ የነበረው ነገር ተወስዷል። ካልተካህለት አይኖረውም።

ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድርጅቱ የ2016ን መረጃ ይዞ በ2019 ባወጣው ጥናት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ልጆች 81 በመቶው ይህንን አያሟሉም። ወንዶቹ 78፣ ሴቶቹ 85 በመቶ።

የሴቶቹን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ስትሆን ያላለቀሰ ማን ነው? ጥሩነሽ ስትሮጥ ሶፋ ላይ ያልዘለለ ማን ነው? የገዛ ልጃችን «ክሮስ ካንትሪ ልመዝገብ» ስትል ግን «በቁምጣ? ሴት ልጅ? ቤት ማን ያግዛል?» እንላለን። ደራርቱን የምንወዳት የሰው ልጅ ስለሆነች ብቻ ነው እንዴ?

በየዓመቱ ጁላይ ላይስ? በ1984 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር ሲያዘጋጅ አውሮፕላን ተሳፍረን፣ ሆቴል ይዘን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ልጁ ግን ሆቴል ክፍል ውስጥ ወርክሺት ተሰጥቶት ይቀመጣል። ለሌላው ልጅ ኳስ ማጨብጨብ፣ ለራስ ልጅ ወንበር!

አሁን «ጥሩ ሒሳብ አዋቂ ስፖርተኛ አይሆንም» ለምትሉት። ባልቲሞር ቅርባችን ናት። የሬቨንስ ተጫዋች የነበረውን ጆን ኡርሼልን ጠይቁ። ከ2014 ጀምሮ ሦስት የውድድር ዓመት በኤንኤፍኤል ተጫወተ፤ እየተጫወተም የሒሳብ ምርምር አሳትሟል። በ2017 ኳሱን ተወ፣ በ2021 ከኤምአይቲ በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ፣ አሁን እዚያው ያስተምራል። ኳሱን የተወው የፉትቦል ተጫዋቾችን የአንጎል ጉዳት የሚያሳይ ጥናት በወጣ በቀናት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ ጭንቅላት የሚያጋጭ ስፖርት ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ልጄን አላስገባም ብትሉ አልከራከርም። ሩጫ ግን ማንን ገጨ?

ኦስትሪያዊቷ አና ኪሰንሆፈር የሒሳብ ዶክተር ናት። በ2021 ቶኪዮ ላይ በሴቶች የብስክሌት የጎዳና ውድድር ወርቅ ወሰደች። የፕሮፌሽናል ቡድን አልነበራትም፤ ልምምዷን ያቀደችው ራሷ ናት። አላን ቱሪንግ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት የጣለው እንግሊዛዊ፣ በ1947 ማራቶን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሮጧል። በ1948 ለንደን ላይ ወርቁን የወሰደው ሰው ከዚህ የፈጠነው በ11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ሃራልድ ቦር ደግሞ በ1908 ኦሎምፒክ በእግር ኳስ የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ልጃችሁ ቱሪንግ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ሩጫ ሒሳብን ይገድላል የሚለው ሐሜት ግን ማስረጃ የለውም እያልኩ ነው።

እኔ ሁለቱንም አንድ የሚያደርግ ነገር አያለሁ። የሒሳብ ጥያቄን ሰው ሊሠራልህ አይችልም፤ ሠርቶ ሊያሳይህ ይችላል እንጂ። ፑሽአፕም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ያቅትሃል፣ ትተኛለህ፣ በነጋታው ትሞክራለህ፣ በሳምንቱ ትንሽ ይቀላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለሁለቱም ይሠራል። አንድ ልጅ ትናንት ያቃተውን ዛሬ መቻልን በገላው ከተማረ፣ ሦስት ገጽ የሚፈጅ ማረጋገጫ ፊት ሲቀመጥ ቶሎ አይሸሽም። ችከላ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሽምደዳ ግን ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ይተናል።

ሚዛን እንዳላጣ ሌላኛውንም ወገን ልንካ። በቲክቶክ «በ30 ቀን እንዲህ ሆንኩ» እያሉ ለ15 ዓመት ልጅ ዱቄት የሚሸጡትን ማለቴ ነው። እዚህ ሀገር እንዲህ ያለ ሰፕልመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ አይፈቀድም። ኒውዮርክ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ጡንቻ ለማፈርጠምና ክብደት ለመቀነስ ተብለው የሚሸጡትን ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ከልክላለች። ልጃችሁ ጂም መሄድ ከጀመረ ባልዲ ሙሉ ዱቄት አትግዙለት። ምስር ወጥ አለ፣ ሽሮ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ዶሮው አለ።

በተቃራኒው «ብረት ካነሳ ይቀነጭራል» የምትሉም አላችሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ የሚያውቅ ሰው እየተቆጣጠረው በትክክለኛ አሠራር ከተሠራ ለልጆችም ለታዳጊዎችም ጤናማ ነው ብሏል። ቁመቱ የሚያሳስባችሁ ከሆነ እንቅልፉን አትንኩበት።

በመጨረሻ፣ ተችቶ መሄድ ቀላል ስለሆነ ማድረግ የሚቻለውን ልናገር። ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ዛሬ ምን አስቸገረህ? እንዴት ሞከርከው?» በሉት። ካልኩለስ አላውቅም ብላችሁ አትፈሩ። እሱ ሲያስረዳችሁ የተሳሳተበትን ራሱ ያገኘዋል፤ የእናንተ ሥራ መስማት ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ማታ ከልጁ ክፍል ይውጣ። የእናንተም አብሮ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄ የሚከራከሩበት ጓደኛ ይኑራቸው። ከእኛ መካከል መሐንዲስ፣ የፊዚክስ መምህር፣ አካውንታንት የነበረ ስንት ሰው አለ! አሁን ታክሲ ላይ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነን። በወር አንድ እሁድ፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አሥር ልጅ። እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

አራተኛ፣ ከሰሌዳው በፊት አንድ ሰዓት እግር ይንቀሳቀስ። ቦረር ፓርክ እዚሁ ነው፣ ክሎፐር ሐይቅም እዚሁ ነው። ሴቶች ልጆችም ይምጡ። አባቶችም ኑ፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘን በተቀመጥንበት ስንት ወንድማችን በስኳርና በደም ግፊት እንደተያዘ እርስ በርስ እንተዋወቃለን።

ለዚያ ወንድማችን ደግሞ ስሙን ሳልጠራ እነግረዋለሁ፣ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ሲዝኑ አላለቀም። ለአሠልጣኙ አንድ ኢሜይል ብትጽፍ ልጁ ሰኞ ቡድኑ ውስጥ ነው። ካልኩለሱ የትም አይሄድም። ባይሆን ማታ እራት ላይ ያንን የ5 ማይል ተኩሉን ጥያቄ ጠይቀው፤ ዓይኑ ሲበራ ታያለህ።

የማትስማሙ ኮመንት ላይ ኑ። ግን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ «እኛ ድሮ» ብቻ ይዞ የመጣን አልቀበልም።

ቸር እንሰንብት።